የአደይ ኣባዲት ተራ

ከደሴ እስከ ወልድያ ባለው አስፋልት ላይ የኔ እጅ ያልነካው ጎማ ካለ፣ ያ ጎማ ገና ከፋብሪካ አልወጣም ማለት ነው። መርሳ መግቢያ ላይ፣ ብርቱካን ሻጮቹ ከተደረደሩበት ጥላ ትንሽ አለፍ ብሎ ያለው ጎሚስታ ቤት የኔ ነው። ሙላቱ እባላለሁ። የሲኖትራክ ጎማ በአንድ እጄ አንጠልጥዬ በሌላው ሻይ ስጠጣ ያዩኝ ሰዎች እስካሁን በሕይወት አሉ። ባለቤቴ አለሚቱ ግን "ሻዩን አይቻለሁ፣ ጎማውን አላየሁም" ትላለች። የእሷ ዓይን ደግሞ መቼ ትልቅ ነገር ላይ አርፎ ያውቃል!

ይህን የምጽፈው ስለ ራሴ አይደለም። ስለ ራሴ መጻፍ ብጀምር መርሳ ውስጥ ደብተር ይጠፋል። የምጽፈው ስለ አደይ ኣባዲት ነው።

የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበር አባል ነኝ። ሠላሳ ሁለት ነን። ወር በገባ በአሥራ ስድስት አንዱ ተረኛ ይደግሳል፣ አባታችን ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ይቆርሳሉ፣ ይበላል፣ ይጠጣል። መጨረሻ ላይ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ ነው የምንላቸው፣ ጽዋዋን አንስተው "ተረኛ!" ብለው ይጣራሉ። ጽዋዋን በሁለት እጁ የተቀበለ ሰው የሚቀጥለውን ወር ደገሰ ማለት ነው። ቤቱ ወስዶ በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ያስቀምጣታል። ከዚያ ወዲያ "አልተመቸኝም፣ ይቅርብኝ" ማለት አይሠራም። ቃል ኪዳን ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ታዲያ አንድ ትልቅ ሐሳብ መጣ። የማን ሐሳብ እንደነበረ መናገር አልወድም፤ የኔ ነበር። "የጠገበ ሰው ለጠገበ ሰው ሲደግስ እመቤታችን ምን ትለናለች?" ተባለ። ከዚያ ወዲህ ተረኛው የሚደግሰው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሲሆን፣ የሚቀመጡት የተቸገሩ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። እኛ እጅ እናስታጥባለን፣ ወጥ እናወጣለን። ከድግሱ ሌላ ለአሥራ አንድ ቤት በየወሩ የስንዴ ዱቄት እናደርሳለን። አድራሹ እኔ ነኝ። ባጃጅ የማይወጣውን አቀበት አንድ ኩንታል ተሸክሜ እየዘፈንኩ እወጣለሁ። አለሚቱ ሃያ አምስት ኪሎ ነው ትላለች። ከረጢቱን ተሸክማው ታውቃለች እንዴ?

ከአሥራ አንዱ ቤት አንዱ የአደይ ኣባዲት ነው፤ 'አደይ' በትግርኛ 'እናቴ' ማለት ነው። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። ከባለቤታቸው ከአቶ ኣስፋሃ ጋር ወልድያ ገበያ ላይ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። የወልድያና የቆቦ ሙሽራ ሁሉ የለበሰው ከዚያ ሱቅ ነው ብል ጥቂት ጨመርኩ ይባል ይሆናል፤ ግማሹ ነው ብል ግን ሱቁን መስደብ ነው። ክፉው ጊዜ መጣና ሱቁ ባዶ ቀረ፣ አቶ ኣስፋሃም አረፉ። እሳቸው መርሳ መጥተው ከመስጊዱ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራዩ። አማርኛና ትግርኛ በአፋቸው ውስጥ ተዋደው ይኖራሉ፤ ሲቆጡ ግን ትግርኛው ይቀድማል።

ባለፈው ኅዳር አሥራ ስድስት የሚቀጥለው ተረኛ እኔ ነበርኩ። ድግሱ አልቆ አያ ወልዴ፣ ሙሴያችን፣ ጽዋዋን አነሱና "ተረኛ!" አሉ። እኔ ያን ጊዜ አዳራሹ በር ላይ ቆሜ፣ ውርጌሳ ላይ ገደል ሊገባ የነበረ አውቶቡስ በገመድ እንዴት እንደያዝኩ ለሰባት ሰው እያስረዳሁ ነበር።

"ተረኛ!" አሉ ደግመው።

"መጣሁ አያ ወልዴ! የኋላ ጎማው ብቻ ነው የቀረኝ!"

አውቶቡሱን ገደል አፋፍ ላይ ትቼው ልሂድ? ስልሳ ሰው ተጭኖበታል እኮ!

የኋላውን ጎማ አስፋልት ላይ ሳወጣ አዳራሹ ጸጥ አለ። በኔ ወሬ ተደንቀው መስሎኝ ነበር። ዘወር ስል አደይ ኣባዲት ከተመጋቢዎቹ አግዳሚ ተነስተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አያ ወልዴ ፊት ተንበርክከው ሁለት እጃቸውን ዘርግተዋል።

"እኔ እወስዳታለሁ" አሉ።

"አደይ፣ ተራው የሙላቱ ነው" አሉ አያ ወልዴ።

"ሙላቱ ሥራ ይዟል። አውቶቡስ እያወጣ ነው።"

ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ነገሩ ገባውና ሳቁን ዋጠ።

"አንቱ እኮ…" አሉ አያ ወልዴ። ሊሉ የፈለጉት "ተረጂ ነዎት" ነበር፤ ደግ ሰው ናቸውና ቃሉ ከአፋቸው አልወጣም። "አንቱ እኮ የማኅበሩ አባል አይደሉም።"

"ወልድያ ሳለሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጽዋ ጠጥቻለሁ። ለመሆኑ ጽዋዋ የኪዳነ ምሕረት ናት ወይስ የናንተ?"

ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው እናቱ ገና አልወለደችውም። አያ ወልዴ ጽዋዋን ሰጧቸው። እልልታው ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣ ግን ጣሪያ አነሳ።

ወደ ቤት ስንሄድ አለሚቱ ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች። ደጃችን ስንደርስ ቆመች።

"አሮጊቷን አስደገስካቸው፣ አይደል?"

"እኔ ምን አደረግኩ?"

"አወራህ።"

በማግስቱ ማለዳ ጽዋዋን ላስመልስ ሄድኩ። ክፍላቸው ውስጥ አልጋ፣ አንድ ሣጥን፣ የአቶ ኣስፋሃ ፎቶግራፍ አለ። ጽዋዋ ሣጥኑ ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍናለች። ዙሪያዋን አየሁ፤ ከኛ ዱቄት ሌላ የሚበላ ነገር በቤቱ የለም።

"አደይ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ። "ይስጡኝና እኔ ልደግስ። ስሙ የርስዎ ይሁን።"

"ስሙ የኔ፣ እህሉ ያንተ?"

"ምን ችግር አለው?"

"ቁጭ በል ወደይ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ተቀመጥኩ። "ስምንት ወር ዱቄት አመጣህልኝ። ስምንት ጊዜ እግዜር ይስጥልኝ አልኩህ። ዘጠነኛው ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል። ሰው ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ ሲሆን ምስጋናው ልመና ልመና ይላል። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ እኔ አቅርቤ እናንተ ስትበሉ ልያችሁ። ከዚያ ወዲያ ዱቄታችሁን ቀና ብዬ እቀበላለሁ። ካልሆነልኝ ግን ጽዋዋን መልሼ እዚያ አዳራሽ አልደርስም። አንተም ከረጢትህን ይዘህ በሬ ላይ እንዳትቆም።"

"ታዲያ ምን ሊበሉ ነው?"

"እሱን እኔና ፈጣሪ እንነጋገርበታለን።"

ፊታቸውን አየሁት። ሰው ሲያስፈራራና ሲወስን እለያለሁ፤ እሳቸው ወስነዋል። የቀረበ ነገር አንሶ ካፈሩ ከእኛ እጅ አንዲት ፍሬ አይቀበሉም። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ባዶ ቤት፣ ክረምቱን አያልፉትም።

"ሁለት ነገር ስማኝ" አሉ በር ላይ ሲሸኙኝ። "ከማኅበርተኛ ቤት አንድ ፍሬ እህል እንዳይገባብኝ። ደግሞ ሙላቱ…"

"አቤት አደይ።"

"አታውራ።"

"እኔ?!"

በኪዳነ ምሕረት መማል እፈራለሁ፤ በጎማ መፍቻዬ ማልኩላቸው።

መሐላዬን እስከ ሱቄ ድረስ ጠበቅሁ። ያ ደግሞ አጭር መንገድ አይደለም፤ መስጊዱን፣ መናኸሪያውን፣ ሁለት ሻይ ቤት ማለፍ አለበት። ሱቄ ደጅ ላይ ግን አንድ የወልድያ አይሱዙ ቆሟል። ሾፌሩ "እህሳ ሙላቱ፣ መርሳ ምን አዲስ ነገር አለ?" አለኝ። ምን ልበለው? ምንም የለም ልበለው? ከተማዬን ላዋርድ? ደግሞም ክፉ አላሰብኩም፤ የሴትዮዋን ክብር ከፍ ማድረግ ነው የፈለግኩት። "የወልድያዋ ታላቅ ነጋዴ አደይ ኣባዲት ታኅሣሥ አሥራ ስድስት በሀብሩ ምድር ታይቶ የማይታወቅ ድግስ ይደግሳሉ" አልኩት። "ማንም ይምጣ፤ በር አይዘጋም" የሚለውን ማን እንደጨመረው አላውቅም። ምላሴ ሳትሆን አትቀርም።

ጎሚስታ ቤት የተነገረ ነገር ጎማ አለው። ከሰዓት በፊት ወልድያ ገባ፣ ማታውን ሐራ አደረ፣ በሁለተኛው ቀን ከውርጌሳ የመጣ ሾፌር ያንኑ ወሬ ለኔው ነገረኝ። እሱ ሲነግረኝ ሁለት በሬ ተጨምሮበታል። በጾም!

ጊዜው የማሽላ አጨዳ ነው። አንድ ጠዋት ጀብሪል የጋሪውን ጎማ ሊያስነፋ መጣ። ጀብሪል ከከተማው ግርጌ ማሳ ያለው ገበሬ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ አብሮኝ ያደገ፣ እኔን መስደብ እንደ ዱዓ የማያስታጉል ሰው።

"አደይህ ማሳዬ ላይ ናቸው" አለኝ።

"ምን ሊሠሩ?"

"ቃርሚያ። አጫጆቹ ካለፉ በኋላ የወደቀ የወደቀውን ዛላ ይለቅማሉ። በማለዳ መጥተው አማትበው ይጀምሩታል። ወላሂ እኔ ወገቤን ያመመኝ እሳቸውን ሳይ ነው። 'እናቴ፣ አንድ ቁና ልስፈርልዎ' ብላቸው ምን አሉኝ? 'ልጄ፣ የወደቀ እህል የድሃ መብት ነው፣ ቁናህ ግን ያንተ ምጽዋት ነው፤ መብቴን ተውልኝ' አሉኝ።"

ቃርሚያ እውነት ነው፤ መሬት ላይ የወደቀን ዛላ ከልካይ የለውም፣ ሰጪም የለውም። አሰብኩ። ማሰብ ስጀምር ደግሞ የሚያቆመኝ የለም። ከማኅበርተኛ ቤት እንዳይገባ ነው እንጂ ያሉት፣ መሬት ላይ ወድቆ ቢያገኙትስ? ገበያ ወርጄ አንድ ጆንያ ሙሉ ዛላ ገዛሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የጀብሪል ማሳ ውስጥ ገብቼ፣ አጎንብሼ፣ እንደ ዘሪ በተን በተን አደረግኩት። የዚያን ቀን ብልሃቴን ሳደንቅ እራቴን ረሳሁ።

በማግስቱ አደይ ኣባዲት ሱቄ መጡ። ጀብሪል ከኋላቸው አፉን በጋቢው ይዞ ቆሟል።

"ሙላቱ፣ የጀብሪል ማሽላ ምን ዓይነት ነው?"

"ማሽላ ነዋ አደይ።"

"ቀለሙን ነው የጠየቅኩህ።"

"የማሽላ ቀለም ነዋ።"

"ቀይ ነው" አሉና ከነጠላቸው ሥር አንድ ዛላ አወጡ። "ይሄስ?"

አየሁት። ከእንቁላል ይነጣል።

"ይሄ… ፈዘዝ ያለ ቀይ ነው።"

"ሙላቱ!"

"ብርዱ ይሆናላ አደይ! ሌሊቱን ብርድ መትቶት ነጥቶ ይሆናል!"

ጀብሪል መሬት ላይ ተቀመጠ። ሲስቅ እንባው ጺሙን አራሰው። አደይ ኣባዲት ግን አልሳቁም። ዛላውን እንዲነፋ የተቀመጠ ጎማ ላይ አስቀመጡት። "ጎማ ታውቃለህ፣ አልክድህም" አሉ። "እህል ግን አታውቅም። ያንተን አንድ በአንድ ለይቼ ለጀብሪል አህያ ሰጥቻለሁ። ደግመህ ብትሞክር ከአህያዋ ጋር ትታሰራለህ።"

ያን ጊዜ ነው "ነጭ ማሽላ" የሚለው ስም የወጣልኝ። አህያዋ ግን እስከ ዛሬ ስታየኝ ትጮኻለች፤ ውለታ ታውቃለች።

ታኅሣሥ አሥራ ስድስት ደረሰ። ጾመ ነቢያት ስለሆነ የሚበላው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። እኔና አለሚቱ በስድስት ሰዓት አዳራሽ ደረስን። አደይ ኣባዲት ቀድመውናል። ከቃርሚያው ከፊሉን አስፈጭተው ቀይ የማሽላ እንጀራ ጋግረዋል። ከፊሉን ገበያ ላይ ለቀይ ወጥ በሚሆን በርበሬና ሽንኩርት፣ ከደጋ በወረደ ባቄላና አብሽም ለውጠው ባቄላና አብሹን አስፈጭተዋል። ትልቅ ሳፋ ፊት ለፊታቸው አድርገው እጅጌያቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። ሳፋው ውስጥ አየሁ። ከሥር፣ አራት ጣት የማይሞላ፣ አመድማ ገንፎ የመሰለ ነገር አለ።

"ይሄ ምንድነው አደይ?"

"ሕልበት። የባቄላና የአብሽ ዱቄት ነው። ተገንፍቶ፣ በርዶ፣ ከዚያ በእጅ ይመታል። ስትመታው ይነጣል፣ ይነሳል። ልጃገረድ ሳለሁ ከዚህች ብቻዬን ሳፋ እሞላ ነበር።" የቀኝ አንጓቸውን በግራ እጃቸው ይዘው ያሻሹታል። "ከጠዋት ጀምሬ እየመታሁ ነው። ለሰባ ሰው ይደርሳል።"

ሰባ ማለት እኛ ሠላሳ ሁለታችንና ዘወትር የሚመጡት ጎረቤቶች ናቸው። እንጀራውም በዚያ ልክ ነው። መልስ ሳልሰጥ አያ ወልዴ በትራቸውን እየጎተቱ ገቡ፤ ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል።

"ሙላቱ፣ ደጁን አየኸው?"

ወጣሁ። ከውርጌሳ ሦስት ባጃጅ ሙሉ ሰው መጥቷል። ከሐራ ባቡር ጣቢያው አካባቢ የቀን ሥራ የሚሠሩ ልጆች መጥተዋል። ከወልድያ አንድ ሚኒባስ አራግፏል፤ ደህና የለበሱም አሉበት። "የትልቋ ነጋዴ ድግስ እዚህ ነው?" ይላሉ። አንዱ ሁለቱን በሬ ጠየቀኝ።

በሕይወቴ የማላውቀው ነገር ያዘኝ፤ ወሬዬ ሲቆም ይሰማኛል። ተመልሼ ገባሁ።

"አደይ፣ ሰው በዝቷል። አውርቼ ነው። እኔ ነኝ።"

በትግርኛ አንድ ረጅም ነገር ተናገሩኝ። ትግርኛ አልችልም፤ ያን ዕለት ግን አንድም ቃል አላመለጠኝም።

"እንግዲህ" አሉ አያ ወልዴ "እዚህ ማዶ ካለው ሆቴል የጾም ምግብ እናስመጣ። ማኅበሩ አያቅተውም።"

"አንድ ሳህን ከውጭ ከገባ ጽዋዋን አሁን እመልስልሃለሁ ወልዴ" አሉ አደይ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። "የዛሬው እንግዳ በሰው እህል ከጠገበ እኔ አልደገስኩም። ነገሬን ሙላቱ ያውቀዋል።"

ከደጅ የሰው ሁካታ ይሰማል። አደይ ኣባዲት ሳፋውን አዩ፣ አንጓቸውን አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

"ያ ክንድህ እውነት ነው ወይስ እሱም ወሬ ነው?"

"ምን ማለትዎ ነው አደይ፣ ይሄ ክንድ እኮ የሲኖትራክ…"

"ዝም በልና ታጠብ። እህል አትጨምሩብኝ አልኩ እንጂ ጉልበት አልከለከልኩም።" የላስቲክ ጆግ ውኃ አጠገባቸው አደረጉ። "እኔ ውኃውን ጠብ ጠብ አደርጋለሁ፣ አንተ ትመታለህ። አንድ ሕግ ግን አለው። ሕልበት ሲመታ መቺው አያወራም። ካወራ ይወርዳል።"

"ትንሽም?"

"ቃል አትወጣህም።"

"እስከ መቼ?"

"በቃ እስክልህ።"

እጄን እስከ ክርኔ በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፤ አለሚቱ አራተኛ አስደገመችኝ። ጀመርኩ። መጀመሪያ ቀላል መሰለኝ። ጥቂት ቆይቶ ትከሻዬ ተናገረ። ቀጥሎ ክርኔ። ግን የክንዴስ ምን አለበት፣ ምላሴ ናት ያሰቃየችኝ! ወሬው በአዳራሹ ዞሮ ሰው ሊያየኝ ተሰበሰበ። ሙላቱ ዝም ብሎ የታየበት ቀን በከተማችን ታሪክ የለማ። ጀብሪል መጥቶ አፍንጫዬ ሥር ቁጢጥ አለ።

"ነጭ ማሽላ፣ ደህና ዋልክ?"

ዝም።

"ያ የውርጌሳው አውቶቡስ" አለ ወደ ሰዉ ዞሮ "አውቶቡስ አይደለም። ሚኒባስ ነበር።"

መታሁ።

"ሰውም አልነበረበትም። ቆሞ ነበር።"

መታሁ። ጥርሴን ነክሼ መታሁ። ጀብሪል አንድ ቃል በተናገረ ቁጥር ክንዴ እጥፍ ይፈጥናል፤ አሁን ሳስበው እሱም ይህንኑ ፈልጎ ይሆናል፣ ግን አላመሰግነውም። "ገደልም የለም እኮ እዚያ፣ ሜዳ ነው" ሲል ዓይኔ እንባ አቀረረ።

"እይ" አሉኝ አደይ ቀስ ብለው።

አጎንብሼ አየሁ። አመድማው ነገር ነጥቷል። ከሥር እየተነሳ፣ እየተኮፈሰ፣ የሳፋውን ወገብ አልፏል። እኔ ስንት ሺህ ጎማ ነፍቼ አውቃለሁ፤ ያን ያህል ደስ ያለኝ ግን የለም። አደይ ኣባዲት ውኃ ጠብ ያደርጋሉ፣ እኔ እመታለሁ፣ እሱ ያድጋል። ከንፈሩ ደርሶ ሊፈስ ሲል "በቃ" አሉ።

አፌን ከፈትኩ። ተመልሼ ዘጋሁት።

ማዕዱ ተባረከ። አደይ እንጀራውን ራሳቸው በግማሽ በግማሽ ቆረጡት። ከዚያ ያልተጠበቀ ነገር አዘዙ። ሁልጊዜ ተቀምጠው የሚበሉትን ጎረቤቶቻችንን አስነስተው ማስታጠቢያውንና ትሪውን ሰጧቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ቀይ ወጥ በነጩ ሕልበት መሐል ጠብ እያደረጉ አቀረቡ። መጀመሪያ የሩቅ እንግዳው በላ። ሁለት በሬ የጠየቀኝ ሰውዬ ጣቱን ሲልስ አይቼዋለሁ። ቀጥሎ አስተናጋጆቹ ራሳቸው ተራ በተራ በሉ። የቀረነው ማኅበርተኞቹ ብቻ ነን። የሳፋው ግን ታቹ ታይቷል።

አደይ ኣባዲት እንደገና ተቀመጡ። ጆጉን አነሱ። "ምታ" አሉኝ።

ቀኙ እጄ አልነሳ አለኝ። በግራው መታሁ። ከዚህ በላይ አልጨምርበትም፤ በግራው መታሁ። ነጩ ነገር እየሳሳ፣ እየቀጠነ፣ ግን ተነሳ።

"አሁን ሂድና ከወልዴ ጋር ተቀመጥ" አሉኝ።

እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ሁልጊዜ አቅራቢ ነኝ። ዱቄት የማደርስላቸው አንዲት እናት እጄን አስታጠቡኝ። መዳፍ የምታህል እንጀራ ላይ አንድ ማንኪያ ሕልበት አድርገው አደይ ኣባዲት ራሳቸው አመጡልኝ። እጄን ዘረጋሁ። ዓይኔ ሳላዘው መሬት መሬት አየ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከረጢት ሳወርድ እነዚያ ሰዎች ለምን መሬት መሬት እንደሚያዩ ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ የሚያዩት የኔን ጫማ ይመስለኝ ነበር።

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። ከዚህ የበለጠ ረጅም ቃል አልወጣኝም።

"ቀና ብለህ ብላ ወደይ" አሉኝ። "ክንድህ እውነት ነው።"

አያ ወልዴ አጠገቤ ሆነው ጎረሱ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ሳፋው ጠቆሙ። የሆነች ነጭ ነገር አሁንም ግድግዳው ላይ ቀርታለች። አደይ ኣባዲት ያችን በጣታቸው ጠርገው ቀመሱ፤ ከዚያ በኋላ ነው የተቀመጡት። ጽዋዋን ማን እንደተቀበላቸው አትጠይቁኝ። "ተረኛ!" ሲባል በመጀመሪያው ጥሪ ነው የሄድኩት።

ስንት ሰው በላ? እኔ ሦስት መቶ ነው የምለው። አለሚቱ መቶ ሠላሳ ትላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን የሷ ቁጥር ራሱ በቂ ሆኖ ተሰማኝ። ሦስት መቶውን የምናገረው ለሩቅ ሰው ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቀን የወሩን ዱቄት ማደል ነበረብኝ። አሥሩን ቤት አዳረስኩ። የአደይ ኣባዲትን መጨረሻ አደረግኩት። ከበራቸው ፊት ከረጢቱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቆምኩ፤ ማንኳኳት ፈራሁ። ቀኝ ክንዴ ገና አልታጠፍም ብሏል። በእግሬ በሩን መታ መታ አደረግኩ።

ከፈቱ። እኔን አላዩኝም፤ ከረጢቱን ነው ያዩት። "አውርደው" አሉ። አወረድኩ። አፉን ፈትተው ዱቄት ቆንጠር አደረጉና በሁለት ጣታቸው መሐል አሹት። ፊታቸው ተኮሳተረ።

"ይሄን ማነው ያስፈጨው?"

"ማኅበሩ ነዋ አደይ።"

"ማኅበሩ እጅ የለውም። ማን?"

"እኔ።"

"ሻካራ ነው። ወፍጮው ጥርሱ አልቋል፣ አንተ ደግሞ ደጅ ቆመህ ስታወራ አላየህም። ሰው ይሄን ይበላል? ለዚያች ጥርስ ለሌላት ለማዶ ቤቷም ይሄንኑ ነው የሰጠሃት?" ቀጥለው በትግርኛ ነው፤ እሱን አልጽፈውም። "ለወልዴ ንገረው። በሚቀጥለው ወር ወፍጮ ቤት የምቆመው እኔ ነኝ። አንተ ትሸከማለህ።"

"እሺ አደይ።"

"ሂድ አሁን፣ ሥራ አለኝ።"

ከረጢቱን በሁለት እጃቸው ጎትተው አስገቡና በሩን ዘጉብኝ።